የጎመን ክሽክሽን በብርብራ ዘር መከላከል



የጓሮ ጎመንዎ ቅጠል ሲጠቀለል ጀርባውን ገልብጠው ይዩ፤ ግራጫ ክሽክሽ ተሰብስቦ ሊያገኙ ይችላሉ። ጥቂት ከሆነ ቅጠሉን ቆርጦ መቅበር ይበቃል። ከተስፋፋ ግን ብርብራን ይጠቀሙ። በጣና ሐይቅ ዓሣ ለማደንዘዝ ሲውል የኖረው የዚህ ዛፍ ዘር ሮቴኖን የተባለ ተባይ ገዳይ ንጥረ ነገር አለው።

አዘገጃጀት፦

1. ከደረቀው ፍሬ ዘሩን ፈልፍለው ይውቀጡ። ሲወቅጡ አፍና አፍንጫዎን በጨርቅ ይሸፍኑ።
2. 50 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩ።
3. በጨርቅ አጥልለው ጥቂት ሳሙና ይጨምሩ፤ ፈሳሹ ቅጠሉ ላይ እንዲይዝ ይረዳል።
4. መጀመሪያ በጥቂት ተክሎች ላይ ይሞክሩ። ቅጠሉ ካልተቃጠለ፣ አመሻሽ ላይ ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ የቅጠሉን ጀርባ ጭምር ይርጩ። ፀሐይ ኃይሉን ስለሚያዳክመው ቀን አይርጩ።

ጥንቃቄ፦ ከዛፍ ተገኘ ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ከተረጨ በኋላ 7 ቀን ሳይሞላ ጎመኑን አይቅጠፉ፤ ሲቀጥፉም በደንብ አጥበው ያብስሉ። ዘሩ የተወቀጠበትን ሙቀጫ ለምግብ አይጠቀሙ። ዕቃውን ወንዝ ውስጥ አይጠቡ፤ ዓሣ ይፈጃል። ትራፊውን ልጆችና ከብቶች ከማይደርሱበት ያርቁ።

ክሽክሹ ካልቀነሰ የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ያማክሩ።