የባዶውን ወንበር ሂሳብ ማን ይከፍላል?

በደብረ ማርቆስ መናኸሪያ የደጀን ሚኒባስ በር ላይ የቆመው ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል። አምኖ የገባ መንገደኛ አምስት ባዶ ወንበር ይቆጥራል። ረዳቱን ውሸታም ማለት ይቀላል፤ ችግሩን ግን እሱ አልፈጠረውም። መኪናው ካልሞላ አይነሳም፤ ሰው ደግሞ ቶሎ የማይነሳ መኪና ውስጥ መግባት አይወድም።

ሂሳቡን በወረቀት ላይ እንየው። መኪናው 12 ሰው ይይዛል፣ በየ5 ደቂቃው አንድ መንገደኛ ይመጣል እንበል። መጀመሪያ የገባው 55 ደቂቃ ይጠብቃል፤ የመጨረሻው ወዲያው ይሄዳል። በአማካይ እያንዳንዱ ተሳፋሪ ከታሪፉ በላይ 27 ደቂቃ ተኩል ከፍሏል ማለት ነው። አሁን ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመው እየተሻሙ ይጫኑ። ሰዉ ለሁለት ይከፈልና የመጀመሪያው ተሳፋሪ 110 ደቂቃ ይቀመጣል፤ አማካዩም 55 ደቂቃ ይገባል። ሾፌሮች ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት ተራ አስከባሪ እንጀራውን የሚበላው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። አንዱ ሳይሞላ ሌላው እንዳይጭን በመከልከል ተሳፋሪን ከተሳፋሪ ያገናኛል።

ከተማው ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት ደብረ ማርቆስን አቋርጦ ስለሚያልፍ ባጃጁ አንዱን አውርዶ ሌላውን በመንገዱ ላይ ያነሳል። ቆሞ መሙላት ብዙም አያስፈልገውም። የቸኮለ ሰው «ኮንትራት» ብሎ የሌሎቹንም ወንበር ይገዛል፤ ያለመጠበቅ ዋጋ በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

አስቸጋሪው ወደ ገጠር ከተሞች የሚወስደው መስመር ነው። ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ ስሟ ራሱ የገበያ ቀኗን የሚናገር ረቡዕ ገበያ የምትባል ከተማ አለች። በገበያ ቀን ጠዋት ወደ ገበያው የሚሄደው መኪና ይሞላል፤ ሲመለስ ግን ገበያተኛው ገና ስላልተነሳ ባዶውን ሊመጣ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ድንችና ገብስ ሊገዛ የሚወጣ ነጋዴ በሌላ ቀን ሲሄድ መኪናው እስኪሞላ ቢቀመጥ ረፋዱ ያልፍበታል። እቃው ያለው ገበሬ ደግሞ አይጠብቀውም።

ይህን በኮምፒዩተር እንፍታው ያሉ በውጭ አገር ነበሩ። ኡበር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 በሳን ፍራንሲስኮ መንገዳቸው የሚገጥም ሰዎችን በአንድ መኪና የሚያሳፍር አገልግሎት ጀመረ። ዋጋው ቀነስ ያለና አስቀድሞ የተቆረጠ ስለነበር ተጓዳኝ ተሳፋሪ ሲጠፋ ኪሳራው ወደ ኩባንያው ይዞራል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት አቆመው። የእኛ መናኸሪያ ያንኑ ኪሳራ ለተሳፋሪው በሰዓት ያስከፍላል። ሾፌሩም ቢሆን ከቀኑ አንድ ምልልስ ሲቀርበት ድርሻውን ያገኛል።

በአዲስ አበባ ራይድን የመሳሰሉ ድርጅቶች የለመዱት በዋናነት ሙሉ መኪናን ከአንድ ደንበኛ ጋር ማገናኘት ነው። ይህ ከኮንትራት ብዙ አይርቅም። ይሁንና ራይድ በስማርት ስልክ ብቻ ሳይወሰን በ8294 የስልክ ጥሪ ማስተናገዱ ለጎጃም ትምህርት አለው። በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በዚያ ወቅት በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ የተሳፋሪ ማገናኛ ምን ይውጠው ነበር? መንገድ ሲዘጋማ ተራ አስከባሪውም ሥራ ፈት ነው።

ታዲያ ለዚህ መስመር የሚበጀው ቀላል ነገር ይመስለናል። መንገደኛው ከዋዜማው ለመናኸሪያው ደውሎ ይመዘገባል፤ ትንሽ ቀብድ ይከፍላል፤ 8 ሰው ሲሞላ መነሻ ሰዓቱ ይነገረዋል። የቀሩት 4 ወንበሮች በመንገድ ላይ ይሸጣሉ። ቀብድ ያልተከፈለበት ስም ግን እንደ ረዳቱ «አንድ ሰው» ነው፤ አይቆጠርም።

ሚኒባስ ገዝቶ በዚህ መስመር ለማሰማራት ያሰበ ባለገንዘብ ደላላው በገበያ ቀን የሚያሳየውን ግፊያ አይቶ ውል አይፈርም። ገበያ በሌለበት ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት፣ ሰዓቱን ይዞ መናኸሪያ ይቀመጥና ስንት መኪና ሞልቶ እንደወጣ፣ ስንቱስ ባዶውን እንደተመለሰ ይቁጠር። ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ሻይ እየጠጣ ከሆነ የበለጠ ይሰማል።