ቲያትርና የአየር ንብረት ለውጥ፡ ተመልካቹ «ቁም!» ሲል

ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚነገረን አብዛኛው ነገር ቁጥር ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት ይይዛል፤ በመሆኑም ኃይለኛ ዝናብ ይበልጥ ይበረታል። ይህ እውነት በአዳራሽ ሲነገር ያስጨበጭባል እንጂ፣ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ የተደፈነን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ማን ይክፈተው ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። በእኔ እምነት ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ቲያትር ከስብሰባ ይሻላል። ሁሉም ዓይነት ቲያትር ግን አይደለም።

የአገራችን ዘመናዊ ቲያትር ሲወለድ ጠያቂ ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም ያዘጋጁት የአውሬዎች ተውኔት፣ የመንግሥቱን አስተዳደር በእንስሳት አፍ በመንቀፉ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ዛሬ በድጋፍ የሚሠሩ «አስተማሪ» ድራማዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚያልቁት በምክር ነው። ጥፋተኛው ዛፍ የቆረጠ ገበሬ ወይም ፌስታል የጣለች እናት ይሆናል። አፍሪካ በዓለም ላይ ከሚለቀቀው በካይ ጋዝ ድርሻዋ ከ4 በመቶ በታች መሆኑ ሲታሰብ፣ እንዲህ ያለው ድራማ ዕዳውን ያለ ባለዕዳው ይጭናል።

ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል (እ.ኤ.አ. 1931–2009) «ፎረም ቲያትር» ብሎ ያስፋፋው ዘዴ ከዚህ ይለያል። አጭር ተውኔት ይቀርባል፤ መጨረሻው መጥፎ ነው። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይጫወታል። በዚህኛው ዙር ተመልካች የሆነ ሰው «ቁም!» ብሎ መድረክ ላይ ወጥቶ የተበደለውን ገጸ ባሕርይ ተክቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ሌሎቹ ተዋንያን በቀላሉ አይሸነፉለትም። አወያዩም «ይህ ያዋጣል?» ብሎ ሕዝቡን ይጠይቃል።

ጠመንጃ ያዥ ውስጥ፣ በዕድር ድንኳን ሥር ቢሞከር እንበል። ወሩ ሐምሌ ነው። ቦዩ በፌስታልና በግንባታ ፍርስራሽ ተደፍኗል። ዝቅ ያለው ቤት ውስጥ የተከራየች የጉሊት ነጋዴ ይጠረግልኝ ስትል አከራይዋ «የእኔ ሥራ አይደለም» ይላል፤ ፍርስራሹን የደፋው ሥራ ተቋራጭ ስልክ አያነሳም፤ የወረዳው ሠራተኛ «በጀት ሲፈቀድ» ይላታል። ሌሊት ይዘንባል፤ ጎርፉ ሽንኩርትና ድንቿን ያበላሻል። ተውኔቱ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ምክር የለም።

በሁለተኛው ዙር የዕድር ዳኛው ነጋዴዋን ተክተው ፊርማ ያሰባስቡ ይሆናል። ሌላው ደግሞ «ጠረግነው እንበል፤ አፈሩ ሁሉ በኮንክሪት ተሸፍኖ ውሃው የት ይሰርጋል? ቦዩስ የዛሬውን ዝናብ ይችላል?» ብሎ ይነሳል። የአየር ንብረት ለውጥ ወደ ሰፈር የሚገባው በዚህ ጥያቄ ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የጽዳት ብቻ ሳይሆን የበጀት፣ የግንባታ ፈቃድና የተጠያቂነት ይሆናል።

ዘዴው ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። በጎዳና ላይ ካደጉ ወጣቶች የተመሠረተው አዱኛ ኮሚዩኒቲ ዳንስ ቲያትር በፎረም ቲያትር ሠርቶበታል። ቦአል ራሱም እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጃኔሮ ምክር ቤት አባል ሳለ፣ ከሰፈር ተውኔቶች የመነጩ ሐሳቦችን ረቂቅ አድርጎ በማቅረብ 13 ሕጎች እንዲጸድቁ አስችሏል።

እርግጥ ነው፣ ቲያትር ቦይ አይቆፍርም። የወረዳው ኃላፊ ከተመልካቹ መካከል ካልተቀመጠና የተባለውን መዝግቦ ካልወሰደ፣ ፎረሙም እንደ ስብሰባው ወሬ ሆኖ ይቀራል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2027 የተባበሩት መንግሥታትን 32ኛ የአየር ንብረት ጉባዔ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። እንግዶች በአዳራሽ ስለ እኛ ከመወያየታቸው በፊት የጎርፉን መንገድ የሚያውቁት ነዋሪዎች «ቁም!» የሚሉበት መድረክ ቢያገኙ፣ ከተማዋ ለጉባዔው የምታቀርበው የራሷ ሐሳብ ይኖራታል።