ስፒከሩና ሣጥኑ፤ ከዴራ እስከ አሰላ ለሚጫወት ጊታር

ባለ ቫልቭ የጊታር አምፕሊፋየር ለመግዛት የሚያጠራቅም ሙዚቀኛ ብዙውን ጊዜ ብሩንም ሐሳቡንም አምፕሊፋየሩ ላይ ጨርሶ ስፒከሩን ከየትም ያመጣል። ጥሩ አምፕሊፋየር እንዲህ ሲባክን ማየት ያሳዝነኛል። ድንኳን ውስጥ የሚጨፍር ሰው ጆሮ የሚደርሰው አየሩን የሚገፋው የወረቀት ኮን ድምጽ ነው፤ ኮኑን ደግሞ የታሰረበት ሣጥን ይገዛዋል። ይህን ስጽፍ በሐሳቤ ያለው ከአዳማ ተነስቶ ዴራ ላይ ሰርግ የሚጫወት፣ በማግስቱ በኢተያና በጎንዴ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣ ጊታሪስት ነው። ዴራ፣ የዶዶታ ወረዳ ከተማ፣ ሙቀትና አቧራ ይበዛባታል። አሰላ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ደጋ ናት። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ አየሩ ራሱ ይለወጣል፤ ስፒከር ደግሞ ሥራው ከአየር ጋር ነው።

መጀመሪያ ቫልቩ። ቫልቭ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ነው። ውስጡ ያለው ክር ሲግል ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ይፈሳሉ፤ በመካከላቸው ያለው ፍርግርግ ከጊታሩ የመጣውን ደካማ ምልክት ተቀብሎ ፍሰቱን ያሰፋል፣ ያጠባል። ቫልቭ የሚሠራው በመቶዎች በሚቆጠር ቮልትና በጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ስፒከር የሚፈልገው ግን ጥቂት ቮልትና ብዙ ፍሰት ነው። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ከአምፕሊፋየሩ መውጫ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ነው። ለምሳሌ ጥንድ ኢኤል 84 ቫልቮች 8,000 ኦም ያህል ጭነት ይፈልጋሉ። ትራንስፎርመሩ በአንደኛው ጎኑ በሌላኛው ካለው 32 እጥፍ ያህል ጥቅል ሽቦ ስላለው የ8 ኦም ስፒከር ለቫልቮቹ 8,000 ኦም ሆኖ ይታያቸዋል። በቦታው 4 ኦም ብታስሩበት የሚያዩት 4,000 ነው።

ስለዚህ ከብራንድም፣ ከዋትም፣ ከሣጥኑ ውበትም በፊት የሚታየው ኦሙ ነው። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ 4፣ 8 ወይም 16 ተብሎ ተጽፏል፤ ስፒከሩ ከዚያ ጋር ይግጠም። ሁለት ስፒከሮች ሲሆኑ ሒሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ባለ 16 ኦም በትይዩ ሲታሰሩ 8 ይሆናሉ፤ ሁለት ባለ 8 ኦም በትይዩ 4፣ በተከታታይ ደግሞ 16። ጽሑፉ የተፋቀበት ያገለገለ ስፒከር ካጋጠማችሁ በቴስተር ለኩት፤ ከ6 እስከ 7 ካነበበ ባለ 8 ኦም ነው፣ 12 ወይም 13 ካነበበ ባለ 16። ቴስተር የሚለካው የሽቦውን መቋቋም ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ ከተጻፈው ያንሳል።

እዚህ ላይ ትራንዚስተር የለመደ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ አደጋ አለ። የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ያለ ስፒከር ቢበራ አይጎዳም፤ የሚጎዳው የስፒከሩ ገመድ እርስ በርሱ ሲነካካ ነው። ባለ ቫልቩ ተቃራኒ ነው። ስፒከር ሳይታሰርለት ጊታር ቢመታበት በትራንስፎርመሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ኃይል መውጫ ያጣና ቮልቴጁ እጅግ ያሻቅባል፤ ከዚያ የሽቦው መከለያ ይበሳል ወይም ቫልቩ ሶኬት ላይ ብልጭታ ይዘላል። መኪና ላይ ዕቃ ሲጫንና ሲወርድ የሚላላው ደግሞ ያው የስፒከሩ ገመድ ነው። ማብሪያውን ከመንካት በፊት እሱን መፈተሽ የሥራ ደንብ መሆን አለበት። ገመዱም የጊታር ገመድ አይሁን። የጊታር ገመድ መካከለኛ ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ለስፒከር የሚሄደውን ፍሰት አይችልም፤ ለዚህ ሥራ ሁለት ወፍራም ሽቦ ያለው ገመድ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ዋቱ። 30 ዋት የተባለ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር 30 የሚያወጣው ድምጹ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ነው። እስከ መጨረሻው ሲከፈትና ድምጹ ሲሰባበር ወደ እጥፉ ሊጠጋ ይችላል። የስፒከሮቹ ድምር አቅም ከአምፕሊፋየሩ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቢቻል እጥፍ ቢሆን ኮይሉ፣ ማለትም ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል፣ አይቃጠልም። በለንደን ጂም ማርሻል እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በሠራቸው አምፕሊፋየሮች ሥር አራት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች በአንድ ሣጥን የተደረደሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የዚያን ጊዜዎቹ የሴለስቲየን ስፒከሮች እያንዳንዳቸው የሚችሉት ከ15 እስከ 25 ዋት ነበር።

ዋት ግን የጩኸት መለኪያ አይደለም። አንድ ስፒከር 1 ዋት ሲሰጠው 1 ሜትር ላይ የሚያሰማው ዴሲቤል ነው ጩኸቱን የሚነግራችሁ። ሴለስቲየን ግሪንባክ ለተባለው ስፒከሩ የሚጽፈው 98 ዴሲቤል ነው፤ ቪንቴጅ 30 ለተባለው ደግሞ 100። ሁለት ዴሲቤል በቁጥር ሲታይ ኢምንት ይመስላል፤ በግሪንባክ ያንን ለማካካስ ግን አምፕሊፋየሩ 60 በመቶ ያህል ተጨማሪ ዋት ሊኖረው ይገባል። 30 የነበረው ወደ 48 ይወጣል ማለት ነው። ትልቅ አምፕሊፋየር ከመግዛት ይልቅ ጯሂ ስፒከር መምረጥ ምን ያህል ብር እንደሚያድን አስቡት።

የአሰላ ከፍታ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካ የሚያወጣቸው ቁጥሮች ለባሕር ወለል አካባቢ አየር የተለኩ ናቸው። አሰላ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ አየሩም በዚያው መጠን ስስ ነው። ኮኑ እንደ ወትሮው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢመላለስም የሚገፋው አየር ስላነሰ ድምጹ ሁለት ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። በግሪንባክና በቪንቴጅ 30 መካከል ያለውን ልዩነት የሚያህል ድምጽ ከፍታው ብቻውን ይወስዳል ማለት ነው። ዴራ ዝቅ ያለች ስለሆነች የምትወስደው ያነሰ ነው። በዝግ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ከኮኑ ጀርባ የታሸገው አየር እንደ ሞላ ኮኑን መልሶ ይገፋል፣ ግፊቱ ሲያንስ ግን ሞላው ይላላል። አሰላ የወጣ ዝግ ሣጥን ሲሶ ያህል የሰፋ ሣጥን ሆኖ ይሠራል፤ ቤዙ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ትንሽም ይለሰልሳል። ቫልቮቹም የሚቀዘቅዙት በዚያው ስስ አየር ስለሆነ የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ግድግዳ ላይ ማስጠጋት አይገባም።

ስፒከር ከትራንዚስተር ይልቅ በቫልቭ ላይ ጠባዩን የሚያሳይበት ምክንያትም መታወቅ አለበት። ባለ 8 ኦም የተባለ ስፒከር በእውነቱ በሁሉም ድምጽ ላይ 8 ኦም አይደለም። ከ75 እስከ 100 ኸርትዝ አካባቢ ባለች አንዲት የራሱ ድምጽ ላይ ኦሙ ብዙ እጥፍ ይዘላል፤ ወደ ቀጭኑ ድምጽ ሲሄድም ቀስ በቀስ ይወጣል። የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ይህን ችላ ብሎ ቮልቴጁን እኩል ይዞ ይቆያል። ባለ ቫልቩ ግን ለስፒከሩ ይታዘዛል፤ ኦሙ በወጣበት ሁሉ ቮልቴጁም አብሮ ይወጣል። ቤዙ የሚሞላውና ላይኛው የሚያበራው በዚህ ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርትዝ ላይ የሚመታ ስለሆነ የስፒከሩ የራሱ ድምጽ ከዚያ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የጊታሩን ጠባይ ይወስናል።

የሣጥኑ ጀርባ ክፍት ይሁን ዝግ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይከተላል። ክፍት ሲሆን ከኮኑ ጀርባ የወጣው ድምጽ ዞሮ ከፊት ካለው ጋር ይገናኛል፤ ወፍራሙን ድምጽ ያጠፋፋዋል፣ ቀሪውን ግን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። የፌንደር ደሉክስ ሪቨርብና የቮክስ ኤሲ 30 ድምጽ የዚህ ዓይነት ነው። ዝግ ሣጥን ቤዙን ሰብስቦ ወደ ፊት ይወረውራል፤ ፊት ለፊት የቆመ ይደነግጣል፣ ጎን ያለው ከበሮ መቺ ግን ምንም አይሰማም። ለሰርግ ድንኳን እኔ የምመርጠው ግማሽ ክፍት ሣጥን ነው፤ ከጀርባው ሲሶ ያህል ክፍት የተተወ። ባንዱ በሙሉ ጊታሩን ይሰማል፣ ቤዝ ጊታሩም ቦታውን አያጣም።

ይህን የምለው በአገራችን ባንድ ውስጥ ጊታር ያለውን ሥራ አስቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» ያዳመጠ ሰው ይህን ያውቃል። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ባንድ የሆነው ነው፤ ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም በካሴቱ ዘመን ስንቱን ድምጻዊ እንዳጀበ ሰሚው ይመሰክራል። በእንዲህ ዓይነቱ ሙዚቃ ጊታሩ ከሳክስፎኑ፣ ከኪቦርዱና ከድምጻዊው መካከል ገብቶ እያንዳንዱን ምት ለይቶ ማሰማት አለበት። አንቺሆዬን በመሰለ ቅኝት ውስጥ በጣም የሚቀራረቡ ድምጾች አሉ፤ አምፕሊፋየሩ በኃይል ሲሰባበር ሁለቱ አብረው ከተመቱ ይጨቀያሉ። ስለዚህ ንጹሕ ሆኖ ብዙ መሄድ የሚችል፣ ቶሎ የማይሰበር ስፒከር ያስፈልጋል። ቪንቴጅ 30 ጯሂ ቢሆንም ከ2,000 ኸርትዝ በላይ ጎልቶ ስለሚወጣ ድምጻዊው ቃል የሚያሰማበትን ቦታ ይሻማል። እኔ ብሆን ለ30 ዋት አምፕሊፋየር ሁለት ጂ12ኤች የተባሉ የሴለስቲየን ስፒከሮች እይዛለሁ፤ እያንዳንዱ 30 ዋት ይችላል፣ 100 ዴሲቤልም ያወጣል። ሁለት ኮኖች አብረው ሲገፉ በወፍራሙ ድምጽ በኩል ሌላ ሦስት ዴሲቤል ያህል ይገኛል፤ የአሰላን ኪሳራ ከነትርፉ ይመልሳል።

ጊታር አምፕሊፋየርን በቀጥታ ከሞንታርቦ ጋር ማሰር ግን አይገባም። ሞንታርቦ ድምጽን እንዳለ ለማስተላለፍ የተሠራ ስለሆነ እስከ ቀጭኑ ጫፍ ይሄዳል። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርትዝ በላይ ድምጹ ስለሚወድቅ የቫልቩን ስብርባሪ ያጣራዋል፤ ያ ማጣሪያ ከሌለ የሚሰማው የሚፋጭ ብረት ነው። ሰዉ ሲበዛ ጊታሩን በራሱ ሣጥን አሰምቶ ፊቱ ማይክ ማቆምና በሞንታርቦው ማጉላት ይሻላል።

ሣጥኑን እዚሁ ማሠራት ይቻላል፣ ይገባልም። የጥንቶቹ የፌንደር ሣጥኖች ከፓይን ጣውላ የተሠሩ ነበሩ። በሙኔሳ ደን የሚተከለው የፈረንጅ ጽድም እንደ ፓይን ቀላልና ልስልስ እንጨት ነው፤ በደንብ ከደረቀ ድምጹን ያሞቀዋል። ጥንካሬ የሚፈልግ 18 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ይጠቀም። ቺፕውድን አልመክርም፤ ክብደቱ ይበዛል፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ በመኪና ሲንገጫገጭ ብሎኑ ይላቀቃል። ለባለ 12 ኢንች ስፒከር የሚቆረጠው ቀዳዳ 28 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ፊቱ ላይ ድምጽ የሚያሳልፍ ጨርቅ ይወጠርበታል።

ያገለገለ ስፒከር የሚገዛ ሰው ኮኑን በሁለት እጁ እኩል ይዞ በቀስታ ወደ ውስጥ ይጫነው። የሚፋቅ ድምጽ ከተሰማ ኮይሉ ተጣሟል ወይም አቧራ ገብቶበታል። በማግኔቱና በኮይሉ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር ስለማይዘል በዴራ አቧራ ውስጥ ክፍት ሣጥን ሽፋን ይፈልጋል፤ ሥራ ሲያልቅ ጀርባውን በወፍራም ጨርቅ መከደን ይበቃል። ሁለት ስፒከር በአንድ ሣጥን ሲገባ ደግሞ አንድ ነገር ይቀራል። የ9 ቮልት ባትሪ ወስዶ ፖዘቲቩን ከስፒከሩ ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቩ ለቅጽበት ማስነካት ነው። ሁለቱም ኮኖች ወደ ውጭ መዝለል አለባቸው። አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙም ይጠፋል፤ የዚያን ስፒከር ሁለት ሽቦዎች አገላብጦ እንደገና ማሰር ነው።