ስብርባሪው የት አለ?

«ይጠገናል?» ይሉኛል፣ የተሰበረ ቅርስ በነጠላ ጠቅልለው የሚመጡ ሰዎች። እኔም አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነው፤ «ስብርባሪው የት አለ?» ባለፈው ወር አንዲት እናት ከአያታቸው የወረሱትን የነሐስ መስቀል አመጡልኝ። አንዱ ክንዱ ጎድሏል። «እሱማ ቤት ሲጠረግ አብሮ ተጠርጎ ሄደ» አሉኝ።

ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ የአንድ የቻይና ዕቃ ፎቶግራፍ ሰቅያለሁ። ባለ አራት በግ የነሐስ የመጠጥ ማቅረቢያ ነው፤ ቻይናውያን ይህን ዓይነቱን ዕቃ ዙን ይሉታል። የሻንግ ሥርወ መንግሥት መገባደጃ ሥራ ሲሆን ዕድሜው 3,000 ዓመት አልፏል። እንዲህ ያለ ዕቃ ለሞቱ አባቶች መሥዋዕት ሲቀርብ መጠጥ ይያዝበት ነበር። ቁመቱ 58.3 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 34 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው።

በአራቱ ማዕዘን አራት አውራ በጎች ቆመዋል። ደረታቸው የዕቃው ሆድ ነው፤ እግራቸው መቆሚያው። ቀንዳቸው ወደ ኋላ ዞሮ፣ ተጠቅልሎ ወደ ፊት ይመለሳል። በበግና በበግ መካከል፣ ትከሻው ላይ፣ የዘንዶ ራስ ብቅ ብሏል። የእኛ መስቀል ሠሪ በሰም ቀርጾ፣ በጭቃ ለብጦ፣ ሰሙን አቅልጦ ካፈሰሰ በኋላ በቦታው ነሐስ ይሞላል። የሻንግ ባለሙያ ግን የጭቃውን ፎርማ ክፍል በክፍል አንስቶ መልሶ ይገጥመዋል። ቀንዶቹንና የዘንዶዎቹን ራስ ለብቻ አስቀድሞ አፍስሶ ፎርማው ውስጥ ካስቀመጠ በኋላ ነው ዋናውን አካል ያፈሰሰው። የፎርማው ክፍሎች በሚጋጠሙበት ማዕዘን ላይ ደግሞ ወጣ ያለ ረጅም ጌጥ አቁሞበታል፤ ስፌቱን የሸፈነው ጌጡ ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር የዚያን ሰው እጅ መሳም ያምረኛል።

በ1938 እ.ኤ.አ. በሁናን ክፍለ ሀገር፣ ኒንግሺያንግ ውስጥ መሬት ሲቆፍሩ የነበሩ ገበሬዎች አገኙት። ብዙም ሳይቆይ፣ ከጦርነቱ ሲያሸሹት፣ በጃፓን አውሮፕላኖች ድብደባ ከ20 በላይ ስብርባሪ ሆነ። ለዓመታት ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ ዣንግ ሺንሩ የተባሉ የጥገና ባለሙያ ቁራጭ ከቁራጭ ገጥመው አቆሙት። ዛሬ ቤጂንግ፣ በቻይና ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።

የዣንግ እጅ ይደነቃል፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን ስብርባሪውን ለቅሞ ሣጥን ውስጥ የከተተውን ሰው አብዝቼ አስባለሁ። የተሰበረ ጠርዝ የጎረቤቱን ጠርዝ ያውቀዋል፤ መስመር ከመስመር ሲገጥም ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ ይነግረኛል። የጠፋውን ክንድ አዲስ አድርጌ ልሠራ እችላለሁ፤ ያ ግን የእኔ ሥራ ነው የሚሆነው። ለእናቲቱም ይህንኑ ነገርኳቸው።

አደራ፣ ነሐስ ሲሰበርባችሁ በሙጫ አታጣብቁት፤ በሎሚና በአመድም አትፈትጉት። መጥረጊያ ከማንሳታችሁ በፊት ወለሉን በእጃችሁ ዳብሱ፤ ጥፍር የምታህለውን እንኳ ልቀሙ። ሁሉንም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ በአንድ ሣጥን አድርጋችሁ ይዛችሁልኝ ኑ።