ፍሳሹ የሚያውቀውና የማያውቀው

«የታመመ ከሌለ በሽታው የለም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደቡብ እስራኤል የታየው ግን ሌላ ነው። በራሃትና ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት በቤር ሼቫ ከተቀዳ የፍሳሽ ናሙና የፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ። እግሩ የሰለለ ልጅ ግን አንድም አልነበረም፤ እስከ መጨረሻውም አልታየም።

«እንግዲያው ልጆቹ አልተከተቡም» የሚል አይጠፋም። አብዛኞቹ ተከትበዋል፤ ጉዱም እዚህ ላይ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የምትሰጠው የመርፌውን ክትባት ብቻ ነበር። መርፌው ልጁን ከሽባነት ያድነዋል፤ ቫይረሱ አንጀቱ ውስጥ እንዳይራባ ግን እምብዛም አይከለክልም። ስለዚህ ልጁ እየቦረቀ፣ ምግቡን እየበላ፣ ቫይረሱን ከዓይነ ምድሩ ጋር ለሳምንታት ያስወጣል። ሐኪም ቤት ምን ይወስደዋል? ክትባት ከሌላቸው መካከል እንኳ ሽባ የሚሆነው ከ200 ተለካፊ አንዱ ገደማ ነው። ሽንት ቤት የማይገባ ግን የለም።

በ2013 ኦገስት ላይ ቫይረሱ አንጀት ውስጥ እንዳይራባ የሚገታው የአፍ ጠብታ በዘመቻ ተሰጠ። «ልጄ ተከትቧል፣ ጤነኛ ነው፤ ደግሞ ለምን?» ያለ ወላጅ ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልሱን መናገር ግን ድፍረት ይጠይቃል፤ ጠብታው በዋናነት ለእሱ ልጅ ሳይሆን ገና ክትባት ላልጀመረው ለጎረቤቱ ሕፃን ነበር።

ቫይረሱ ፍሳሽ ውስጥ ተገኘ ማለት የቧንቧ ውሃ ተበከለ ማለትም አይደለም። የመጠጥ ውሃውና የፍሳሹ መስመር ለየብቻ ናቸው።

«ሽንት ቤታችንን እየሰለሉ ነው» የሚለው ስጋት ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ከማጣሪያ ጣቢያ የሚቀዳ ናሙና የብዙ ሺህ ሰው ድብልቅ ስለሆነ የማንን ቤት እንደሚመለከት አይናገርም። ናሙናው ከአንድ ሕንፃ መውጫ ከተቀዳ ግን ነገሩ ይለወጣል። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2020፣ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የአንድ የተማሪዎች መኖሪያን ፍሳሽ መርምሮ ቫይረሱን ሲያገኝ ነዋሪዎቹን በሙሉ አስመረመረ፤ ምልክት የሌላቸው ሁለት ተማሪዎችም ተገኙ። ለእኔ ቁም ነገሩ ማን ቀዳው፣ ከየት ቀዳው የሚለው ነው።

አዲስ አበባን የመሰለ ከተማ ሌላ ጣጣ አለበት። ብዙ ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ ጉድጓዱ ሲሞላ መኪና መጥቶ ይመጠዋል። ለፖሊዮ ክትትል መስመር በሌለበት ናሙና የሚቀዳው ብዙ ሰፈር ከሚያፈስበት ቦይ ወይም ጅረት ነው። ጉድጓዱ ወደዚያ ያልፈሰሰ ቤት በናሙናው ውስጥ የለም።