የሁለት እንግዶች ወረቀት

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚወጣ መንገደኛ ቡይት ራስ ሲደርስ ጭላዳዎቹን በሜዳው ላይ ተበትነው ሣር ሲነጩ ያገኛቸዋል። ከሩቅ አገር የመጣው ጎብኚ ካሜራውን አውጥቶ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ስለ ወረቀት አንዳች የሚያሳስበው ነገር የለም። ቪዛው በፓስፖርቱ ላይ ተመቷል፤ የመግቢያውን ሒሳብ ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከፍሎ ደረሰኙን በኪሱ ይዟል፤ ጠብመንጃ ያነገተ ስካውትም አብሮት ይሄዳል። አንድ ነገር ቢደርስበት ኤምባሲው አለለት።

ይኸው መንገድ ወደ ጎንደር ሲወርድ ግን ዳባት ላይ ሌላ ዓይነት እንግዳ ይገኛል። ለውድ አንባቢዎቻችን ዛሬ ልናወሳ የፈለግነው ስለዚህኛው ነው።

ከጎንደር 72 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዳባት አጠገብ የሚገኘው የአለምዋጭ መጠለያ የተቋቋመው በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ማይ ዓይኒና ዓዲ ሐሩሽ በተባሉት ጣቢያዎች መካከለኛ ቦታ ላይ ተይዘው ለቀሩት ኤርትራውያን ስደተኞች ነው። ሲታቀድ ለ25 ሺህ ሰዎች እንዲበቃ ታስቦ ነበር። ማጓጓዙም በ2014 ዓ.ም. ተካሄደ። እነዚህ ሰዎች ኤምባሲ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም ከሸሹት መንግሥት ደጅ ቆመው ማስረጃ ሊለምኑ አይችሉም። የእርዳታው ራሽን ደግሞ ከወር እስከ ወር አያደርስም። ስለዚህ የእጅ ሙያ ያለው ሁሉ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይወጣል፤ እዚያም የሚጠብቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ፈቃድ አለህ ወይ?» የሚል ነው።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? ኢትዮጵያ በኅዳር ወር 1962 ዓ.ም. የጄኔቫን የስደተኞች ስምምነት ስትቀበል አራት ድንጋጌዎችን «እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ አልቀበላቸውም» ብላ ነበር። ከአራቱ አንዱ የደመወዝ ሥራን የሚመለከተው ነው። ይኸውም ስደተኛው በአገሩ ላይ ሦስት ዓመት ከተቀመጠ፥ ወይም የአገሩን ተወላጅ ካገባ ወይም ከወለደ፥ ለባዕድ የሥራ ገበያ የሚደረገው ክልከላ ይነሣለት የሚል ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ስደተኛውን ከማንኛውም የውጭ አገር ሰው ጋር አስተካከለው። አስተካከለው ማለት ግን ከመንገድ ግንባታው መሐንዲስ ጋር በአንድ ወረፋ አቆመው ማለት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን የውጭ አገር ሰው ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ ሥራ ለሦስት ዓመት ሲሆን በየዓመቱም ይታደሳል፤ ሰውየው ለሥራው አያስፈልግም የተባለ እንደ ሆነ ሚኒስቴሩ ሊሰርዘው ይችላል። ግንብ የሚገነባ ሰው በዳባት ውስጥ «ከእኔ በቀር የሚገነባ የለም» ብሎ ምን ማስረጃ ሊያቀርብ ነው? በሩ የተለካው ለሌላ ሰው ቁመት ነበር።

ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 1110ን ሲያጸድቅ ይህ በብዙው ተሻሻለ። ስደተኛው ለውጭ አገር ሰዎች ከሚሰጠው አያያዝ ሁሉ እጅግ የሚመቸው ይገባዋል ተባለ፤ በእርሻ፥ በእጅ ጥበብ፥ በጥቃቅንና አነስተኛ ንግድም እንዲሠራ ተፈቀደ። መንግሥትና የውጭ ድርጅቶች ስደተኛውንና ኢትዮጵያዊውን አብረው ለመጥቀም ባቋቋሙት ፕሮጀክት ከገባማ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ከኢትዮጵያዊው የሥራ ባልደረባውም እኩል ይታያል። በአፍሪካ ካሉት ለጋስ ሕጎች አንዱ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ነገር ግን አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟል እንጂ በእግሩ ተራምዶ ዳባት አልመጣም። ለምሳሌ አንድ ግንበኛ እናስብ። ፎርሙ በአማርኛ ነው፤ እሱ የሚያነበው ትግርኛ ነው። አሠሪው በቃል ብቻ ቀጠረው፤ ቤቱ ሲያልቅ ግማሹን ደመወዝ ከልክሎ «ፈቃድ የሌለህ ሰው፥ ሂድና ክሰሰኝ» አለው። ግንበኛውም እታሠራለሁ ብሎ ፈርቶ ዝም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው የሚጠቅመው ትልቅ ንግግር አይደለም። የሥራ ውል በጽሑፍ ባይሆንም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የፈረመበትን ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት እንዳለበት፥ ለሥራ ክርክርም የዳኝነት ገንዘብ እንደማይከፈል በሚገባው ቋንቋ የሚነግረው ሰው ነው የሚያስፈልገው። ከዚያም ቀጥሎ በስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ዘንድ የፈቃዱን ማመልከቻ አብሮት የሚጽፍለት።

ይህን የሚያደርግ ሰው በአገሩ ጠፍቶ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለድኾች ነፃ የሕግ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣውም የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃው በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በጥቂት ዋጋ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። ሆኖም ጠበቃው ጎንደር ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣውም ግጭት መንገዱን ሲዘጋ ሲከፍት ሰንብቷል። ስለሆነም ሥራው የሚወድቀው በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠው ወጣት ሹም ላይ ነው፤ ይኸውም ምናልባት ይህን ጋዜጣ የሚያነበው ሰው ነው።

«የእኛስ ልጆች ሥራ መች አገኙ?» የሚል የዳባት ሰው ቢገኝ ግን አንፈርድበትም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጦርነቱ ከዚሁ ወረዳ ጭና ድረስ ገብቶ ብዙ ሰው አልቋል፤ ስደተኛው የመጣው ሐዘኑ ገና ሳይወጣ ነው። የአገሩ ጎረምሶችም በሰሊጥ ወራት ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳሉ፤ ከነሱም ውስጥ ድንበር ተሻግሮ በሱዳን እርሻ ላይ ያለ ወረቀት የሠራ አለ። ደመወዙን ተከልክሎ የሚሄድበት ማጣት ምን እንደ ሆነ ለዚህ ሰው ማስረዳት አያሻም። በጎደለ ዋጋ የሚሠራ ስደተኛም የዳባቱን ግንበኛ ዋጋ አብሮ ያወርድበታል፤ ለሁለቱም የሚሻለው ያው አንድ ወረቀት ነው።

ግንበኛችን ደፍሮ ወደ ወረዳው የመጣ እንደ ሆነ ሹሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፈቃዱ ሳይሆን ሥራው ያለቀበትን ቀን ይሁን። የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ በሰባተኛው ወር ለመጣ ሰው ጠበቃውም ዳኛውም ብዙ ሊያደርጉለት አይችሉም።