የሳባ ንግሥት ተከታታይ ሥዕል፤ ከክብረ ነገሥት ወደ ሸራ የተሻገረው ታሪክና የአንባቢዎቹ ፍርድ

የሳባ ንግሥት ተከታታይ ሥዕል የአንድን ረጅም ታሪክ መነሻና መድረሻ በአንድ ሸራ ወይም ብራና ላይ በመስመር በተለያዩ ትናንሽ ክፍሎች የሚያሳይ የኢትዮጵያ ባህላዊ የአሣሣል ዓይነት ነው። በብዛት የሚታወቀው ባለ 44 ክፍል ነው። እንደ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ በየክፍሉም አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ይሰፍርበታል። ትረካው ሰው በዘንዶ ይገዛ ነበር ከተባለበት ዘመን ተነሥቶ ታቦተ ጽዮን አክሱም እስክትገባና ቀዳማዊ ምኒልክ እስኪነግሥ ይዘልቃል። በዘመኑ አነጋገር ግራፊክ ኖቭል ከሚባለው ሥራ የሚጠየቀውን ሁሉ ያሟላል፤ ትረካው በክፍል በክፍል ይሄዳል፣ ጽሑፍና ሥዕል ይተጋገዛሉ፣ ታምራትና ጀብዱም የሞሉበት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ቀድሞ በዝርው ከተጻፈ ድርሰት የተወሰደ ነው። ስለዚህ ከድርሰት ወደ ሥዕል በተሻገረ ሥራ ሁሉ ላይ የሚነሣው ጥያቄ በዚህም ላይ ይነሣል፤ ሠዓሊው ለመጽሐፉ ታምኗል ወይ?

ዋናው ምንጭ ክብረ ነገሥት ነው። በግእዝ የተጻፈው ይህ መጽሐፍ 117 ምዕራፎች አሉት። በመጨረሻው ላይ የሰፈረው ማስታወሻ መጽሐፉን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልደረቦቹ መሆናቸውን ይናገራል፤ ጊዜውም 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። የታሪኩ ፍሬ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 በጥቂት ቁጥሮች የተነገረው የሳባ ንግሥት ጉዞ ሲሆን፣ ክብረ ነገሥት ያንን አስፍቶ የአንድ መንግሥት የትውልድ ሐረግ አድርጎታል። መጽሐፉ በአገሩ ምን ያህል ይከበር እንደነበር አንድ ክንውን ያስረዳል። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው መጻሕፍት መካከል ክብረ ነገሥት ይገኝበት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው መጽሐፉ እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ያለ እርሱ ሕዝቡ እንደማይታዘዛቸውም ገለጹ። መጽሐፉም ተመለሰ።

ሠዓሊው ግን ከመጽሐፉ ብቻ አይቀዳም። የሥዕሉ የመጀመሪያ ክፍሎች የሚያሳዩት ዘንዶው አርዌ በክብረ ነገሥት ውስጥ የለም። በጥንት የነገሥታት ዝርዝሮች አርዌ 400 ዓመት እንደገዛ ይነገራል፤ ታሪኩም በተለይ በሰሜን ኢትዮጵያ በቃል ሲወርድ የኖረ ነው። ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1904 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአክሱም ትውፊት እቴዬ አዜብ የተባለች ልጃገረድ ለዘንዶው ግብር ሆና ዛፍ ላይ መታሰሯን፣ ሰባት ቅዱሳን ዘንዶውን ገድለው እንዳዳኗት፣ የዘንዶው ደም የነጠበበት እግሯም የአህያ ሰኮና እንደሆነ ይተርካል። በአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ዘንድ የተለመደው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። አጋቦስ ወይም አንጋቦ የሚባል ሰው ፍየል መርዝ አብልቶ ለዘንዶው ይሰጣል፤ ዘንዶው ሲሞት ሕዝቡ ያነግሠዋል፤ የሳባ ንግሥት የምትባለው ልጁ ማክዳም ዙፋኑን ትወርሳለች።

ከዚህ በኋላ ሥዕሉ ወደ መጽሐፉ ይገባል። ነጋዴው ታምሪን ከኢየሩሳሌም ተመልሶ የሰሎሞንን ጥበብ ለንግሥቲቱ ይነግራታል። እርሷም ለጉዞ ትነሣለች። መጽሐፉ 797 ግመሎች ተጫኑ ይላል፤ ሠዓሊው በሦስት ወይም በአራት ግመል ያንኑ ሰልፍ ያሳያል፤ ቀሪውን የተመልካቹ ልቦና ይሞላዋል። ቀጥሎ አቀባበሉ፣ ግብዣው፣ ቅመም የበዛበት ምግብ፣ መሐላውና የውኃው ጥም ይመጣሉ። ንግሥቲቱ ወደ አገሯ ተመልሳ ልጅ ትወልዳለች። ልጁ አድጎ አባቱን ፍለጋ ይሄዳል፤ ሰሎሞንም የእስራኤላውያንን የበኵር ልጆች አስከትሎ ይሸኘዋል። የሊቀ ካህናቱ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስና ጓደኞቹ ታቦቷን በስውር ይወስዳሉ። በመጽሐፉ መሠረት ሠረገሎቹ ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብለው በቅዱስ ሚካኤል መሪነት ይጓዛሉ። ይህን ክንፍ የሌለው በረራ በትንሽ ክፍል ውስጥ አሳምኖ ማሳየት የሠዓሊው ችሎታ ከሚፈተንባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

የአሣሣሉ ሥርዓት የተወረሰው ከቤተ ክርስቲያን ነው። የግድግዳና የብራና ሥዕሎች የቅዱሳንን ገድልና ተአምር በተከታታይ ክፍል ማሳየትን ቀድመው ያውቁ ነበር። ትልልቅ ዓይኖች፣ ወፍራም ጥቁር የዳር መስመር፣ ያልተቀላቀለ ደማቅ ቀለም ከዚያ የመጡ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን፣ ከሓድያን ግን ከጎን በአንድ ዓይን የሚሣሉበት ልማድም አለ፤ በሳባ ሥዕል ግን ይህ ልማድ እንደ ሠዓሊው ይጠብቃል ወይም ይላላል። የክፍሎቹ ጽሑፍም የቤተ ክርስቲያኑን ፈለግ ተከትሎ ክንውኑን ብቻ በአጭሩ ይነግራል፤ ንግግር ከሰው አፍ አይወጣም፤ ሐሳቡም በእጅና በዓይን አቅጣጫ ይገለጣል።

ተከታታዩ ሥዕል ለገበያ የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአዲስ አበባ ነው። ከቀደምቶቹ ሠዓሊዎች መካከል በላቸው ይመር በስም ይጠራሉ። ገዢዎቹ በአብዛኛው በከተማይቱ የነበሩ የውጭ ዜጎችና መንገደኞች ነበሩ። ኋላ ከታወቁት አንዱ የጎጃም ቢቸና ተወላጁ ቄስ አዳሙ ተስፋው ናቸው። በክህነትና በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ታንጸው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ለብዙ ዓመታት ለስጦታ ዕቃ ሱቆች ሲሥሉ ኖረዋል።

የሥዕሉ አንባቢዎች በፍርዳቸው አይስማሙም፤ ልዩነታቸውም ሥዕሉን በሚመዝኑበት ነገር ይወሰናል። መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የቀረውን ነው። ክብረ ነገሥት የጀብዱ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ምዕራፎቹ ትምህርተ ሃይማኖት፣ የነቢያት ምስክርነትና ስለ ታቦት የሚሰጥ ሐተታ ናቸው። ፀሐይ ስታመልክ የነበረችው ንግሥት እግዚአብሔርን ለማምለክ መወሰኗ፣ ሰሎሞንም ብርሃን ከእስራኤል ወጥቶ ወደ ኢትዮጵያ ሲሄድ በሕልም ማየቱ የመጽሐፉ ምሰሶዎች ናቸው። ሥዕሉ ድርጊቱን ሲይዝ ይህን ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። ይህ ነቀፋ እውነት አለው። ያለ ሕልሙ የታቦቷ መወሰድ ተራ ስርቆት ይመስላል፤ በመጽሐፉ ግን የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው።

ሁለተኛው ክርክር በግብዣው ሌሊት ላይ ነው። በመጽሐፉ ሰሎሞን በግድ እንዳይነካት ይምላል፤ እርሷም ከቤቱ ምንም በግድ ላትወስድ ትምላለች። ጥም አስጨንቋት ውኃ ስታነሣ መሐላዋን አፈረሰች ይላታል። ይህን የንጉሥ ጥበብ አድርጎ የሚያነብ አለ፤ ጥበብን ልትማር በመጣች እንግዳ ላይ የተሠራ ተንኮል አድርጎ የሚያነብም አለ። ሥዕሉ ለሁለተኛው ንባብ የበለጠ በር ይከፍታል፤ መጽሐፉ በብዙ ንግግር ያለዘበውን ነገር ወጥመዱን፣ ማሰሮውንና የተዘረጋውን እጅ ብቻ አውጥቶ ያሳያልና። በዚህ ክፍል የንግሥቲቱን ፊት እንዴት መሣል እንዳለበት የሚወስነው ሠዓሊው ነው፤ ስለዚህም እርሱ ራሱ የመጽሐፉ ፈራጅ ይሆናል።

ሦስተኛው ፍርድ የአገዛዝ ጉዳይ ነው። በብዙ ሥዕሎች ሰሎሞን ከንግሥቲቱ አገልጋይም ልጅ ይወልዳል፤ በአንዳንድ ትውፊት የዛጉዌ ነገሥታት ከእርሷ ልጅ ይቆጠራሉ። ይህ ክፍል ከአንድ ሥርወ መንግሥት ወገን የተነገረ ክርክር ነው፤ ላሊበላን ያነጹ ነገሥታትን ከእመቤቲቱ ልጅ ዝቅ ያደርጋል። በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ ከምኒልክ ያቆራኝ ስለነበር፣ ሥዕሉ እስከ 1974 እ.ኤ.አ. አብዮት ድረስ በሕግ የተደገፈ ታሪክ ማሳያም ነበር። ከዚያ በኋላ ዘውዱ ቢወርድም ሥዕሉ አልተቋረጠም፤ ይህም አንባቢው ከዘውዱ ሌላ የሚፈልገው ነገር እንደነበረው ያሳያል።

የታሪክና የቃል ሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ፍርድ ከመጽሐፉ ሰዎች ይለያል። እነርሱ ዘንዶውን፣ መርዘኛዋን ፍየልና ልጁ የአባቱን መልክ የሚለይበትን መስተዋት ከመጽሐፉ እንደ መሳት አይቆጥሩም፤ መጽሐፉ ያልመዘገበውን የሕዝብ ትውስታ እንደ መጠበቅ ያዩታል። በመጽሐፉ በይነ ልሕክም የሚባለው ልጅ በሥዕሉ ምኒልክ ተብሎ የሚጻፈውም ከሕዝብ አፍ ስለሆነ ነው።

የሥነ ጥበብ ሐያስያን ደግሞ ሥዕሉን በድግግሞሹ ይነቅፉታል፤ ለመንገደኛ ገበያ ሲባል አንድ ዓይነት ክፍል በመቶ እጅ ተቀድቷል ይላሉ። ለዚህ ነቀፋ ጠንካራ መልስ የተሰጠው በሎስ አንጀለስ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ፋውለር ሙዚየም የቄስ አዳሙ ተስፋውን ሕይወትና ሥራ ያቀረበ ዐውደ ርእይ ከፈተ፤ ሬይመንድ ሲልቨርማንም በሠዓሊው ላይ መጽሐፍ አዘጋጀ። በሱቅ ውስጥ ያለ ስም ይሸጥ የነበረ ሥራ በባለቤቱ ስም ሲታይ በአንድ ታሪክ ውስጥ የአንድ እጅ ስልት፣ ቀልድና ሐዘን እንደሚለይ ታወቀ።

በዚያችው ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ያለው ሰፈር በ2002 እ.ኤ.አ. በከተማው ምክር ቤት ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ ተሰይሟል። የሳባ ሥዕል በውጭ አገር ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ ከሚሰቀሉት የታወቁ ሥዕሎች አንዱ ነው። በዚህ ሥፍራ አዲስ ዓይነት አንባቢ አግኝቷል። በሎስ አንጀለስም ሆነ በስተደቡብ እንደ ጋርዴና ባሉ ከተሞች የሚያድግ፣ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ግእዙን መጽሐፍ ሊያነብ አይችልም፤ ሥዕሉን ግን ከዘንዶው እስከ ዘውዱ ሊከተል ይችላል። ጽሑፉን የሚያነብለት ወላጅ ወይም አያት ሲገኝ ደግሞ ሥዕሉ ወደ ቃል ትረካ ይመለሳል። ልጁ በአሜሪካ የኮሚክ መጻሕፍት የለመደው የክፍል አነባበብ እዚህም ያገለግለዋል። ይህን ግንኙነት ተረድተው በኢትዮጵያ ምናብ ላይ የተመሠረቱ አዳዲስ ኮሚኮችን የሚያወጡም አሉ፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የታተመው የኢታን ኮሚክስ ጀምበር ከነዚህ አንዱ ነው፤ እርሱ ግን ከቀደመ ድርሰት ያልተወሰደ ኦሪጅናል ሥራ ነው።

አንድን የሳባ ሥዕል በአግባቡ ለመመዘን ሦስት ነገሮችን ማየት ይበቃል። አንደኛው ከየት እንደጀመረ ነው፤ ከአርዌ የጀመረ ትውፊትን፣ ከታምሪን የጀመረ መጽሐፉን ይከተላል። ሁለተኛው የግብዣውን ሌሊት ስንት ክፍል እንደሰጠውና የንግሥቲቱን ፊት እንዴት እንደሣለው ነው። ሦስተኛው የታቦቷ ጉዞ ነው፤ ሠዓሊው ይህን በስርቆት ወይም በተአምር መልክ ማቅረቡ መጽሐፉን ምን ያህል እንደተረዳው ይገልጣል። መጽሐፉን የሚያከብር አንባቢ የጎደለውን ቢቆጥር ትክክል ነው፤ የቃል ትውፊትን የሚያከብርም የተጨመረውን ቢያደንቅ ትክክል ነው። ሥዕሉ መቶ ዓመት ያህል በሕይወት የቆየው ሁለቱንም ምንጮች ስለያዘና እያንዳንዱ ሠዓሊ በራሱ ፍርድ እንደገና ስላነበባቸው ነው።